ሞዴል ማንሳት ከየት ልጀምር ላልከው ወንድም

ሰላም ወንድሜ። «ካኖን 4000ዲ ከነኪት ሌንሱ አለኝ፣ ስቱዲዮ የለኝም። እህቴ የምትሰፋቸውን የሀበሻ ቀሚሶች በሞዴል ላይ ማንሳት መማር እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ 85 ሌንስ ልግዛ ወይስ ፍላሽ?» ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሌንስ ይላሉ። እኔ ለሀበሻ ልብስ ዲዛይነሮች ስሠራ ካየሁት ተነስቼ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትግዛ ነው የምልህ።

ፋሽን ፎቶ ላይ የሚሸጠው ልብሱ ነው። 85ን ኤፍ 1.8 ላይ፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ በጣም ከፍተህ ስታነሳ ከኋላ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፣ ላይክም ያመጣል። ቀረብ ብለህ ካነሳህ ግን የቀሚሱ ጥልፍም አብሮ ይደበዝዛል። ልብሱ ከአንገት እስከ ዘርፉ ጥርት ብሎ እንዲታይ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ቀዳዳውን አጥብቤ ከኤፍ 5.6 እስከ 8 ባለው ነው፤ ይህን ደግሞ የያዝከው 18-55 ኪት ሌንስ በደንብ ይችላል። 55 ላይ አድርገው። የካሜራህ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስተኛ ስለሆነ በ1.6 ስታባዛው 88 ይሆናል፤ 85 ሌንስ ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ የሚሰጠው ዓይነት እይታ እጅህ ላይ አለ ማለት ነው። 18 ላይ ግን ሰው አታንሳ፣ ጠርዝ ላይ ያለው እጅና እግር ይለጠጣል። ሙሉ ቁመት ስታነሳ ወደኋላ ራቅ በልና ካሜራውን ወገቧ ድረስ አውርደው። ቆመህ ከዓይንህ ከፍታ ካነሳህ እግሯ አጥሮ ይወጣል፣ የቀሚሱ አወራረድም ይጠፋል።

ብዙ ጊዜህን የምታጠፋው ብርሃን ላይ ይሁን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይዋ ቀትር ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትሆናለች፤ በሌላውም ወር ቢሆን ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ የዓይን ሥር ያጠቁራል። ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት በኋላ ውጣ። ማታ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ቶሎ ስለሆነ ዋናውን ቀሚስ አስቀድም፤ ልብስ ቀይራ እስክትመጣ ይመሽብሃል።

ቀትር ላይ የግድ መሥራት ካለብህ ጥላ ፈልግ፤ በረንዳ፣ የረጅም ግንብ ጥላ፣ የተከፈተ የግቢ በር። ከጥላው ጠርዝ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አቁማትና ፊቷን ብርሃን ወዳለው ውጭ አዙር። ሁሉም ሰው ሞዴል ይዞ ወደ መናፈሻ ይሮጣል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ሣር አረንጓዴውን ነጭ ቀሚስ ላይና አገጭ ሥር ይረጨዋል፣ ኋላ ስታርመው መከራህን ታያለህ። ለነጭ ልብስ የሲሚንቶ ግቢ ይሻላል።

ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊት አንድ ላይ ሲመጡ ጀማሪውን ያስቸግራሉ። ክፈፉን ነጭ ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ያጨልመዋል፣ ቀሚሱ አመድማ ይሆናል። ፊቱን ለማድመቅ ብርሃን ስትጨምር ደግሞ የሽመናው መስመር ይጠፋል። በሮው (RAW፣ ኋላ ለማረም የሚመች ያልተጨመቀ የፎቶ ፋይል) አንሳ። ያነሳኸውን መልሰህ ስታይ ብልጭ ድርግም የሚል ቦታ (ብርሃን የበዛበት ማለት ነው) ቀሚሱ ላይ እስኪጠፋ ብርሃኑን ቀንስ፣ ከዚያ ፊቷን በነጭ ፎም ወይም በተወጠረ ነጭ አንሶላ አብራው። ጥለቱና ጥልፉ ጎልቶ እንዲታይ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ከፊት የመጣ ብርሃን ሁሉንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ፊቷን በኤዲቲንግ ማንጣት የሚባለውን ነገር ግን እባክህ አትልመደው። ሰርግ ስቱዲዮዎቻችንን ያበላሸው እሱ ነው።

ለዓይንህ ትምህርት የሞዴሏን የልያ ከበደን «ለምለም» የተባለ ድርጅት ፎቶዎች ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተ፣ በእጅ በተሸመነ የኢትዮጵያ ጥጥ የጀመረ የልብስ ድርጅት ነው። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ከጥላው አቅጣጫና ዓይን ውስጥ ከምትታየው ነጥብ ገምት።

ሞዴሏን በተመለከተ፣ የፖዝ ስም አትደርድርባት። ሥራ ስጣት፤ ነጠላዋን ትሰብስብ፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ ትዙር፣ እጅጌዋን ታስተካክል። እጇን የት እንደምታደርገው የሚጨንቃት ሥራ ሲያጣ ነው። ልብሱ ሲጣመም ራስህ አትንካ፣ እህትህ ትምጣና ታስተካክል፤ ስፌቱንም የምታውቀው እሷ ናት። ፎቶው የት እንደሚወጣና ምን እንደሚከፈላት ከመጀመራችሁ በፊት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣትም መሸጥም ይከለክላል፤ የምታነሳት ዘመድህ ብትሆንም ያው ነው።

ፍላሹን ከጊዜ በኋላ መግዛትህ አይቀርም። ያን ቀን ካሜራህን ይዘህ ሂድ፤ 4000ዲ ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ መሃል ላይ በሌሎች ካኖኖች ያለችው የብረት ነጥብ የለችም፣ ስለዚህ ብዙ ርካሽ ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሽን ከርቀት የሚያበሩ መሣሪያዎች) አይሠሩበትም። ሻጩ «ለካኖን ነው» ስላለህ ብቻ አትክፈል፣ ሰክተህ ሞክረው። ሲበራም የሻተሩን ፍጥነት ከ1/200 ሰከንድ አታሳልፍ፣ ከዚያ በላይ የፎቶው ከፊል ይጨልማል።