አዲስ የተቀባው ኮፈን ለምን ጉድጓድ ጉድጓድ አወጣ?

ጥያቄ፦ «ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ አለኝ። ተጋጭቶ ስለነበር በነሐሴ አጋማሽ ኮፈኑና የግራ ፓራፋንጎው ተቀባ። ለዘመን መለወጫ እንዲያምር ብዬ፣ ቀለሙ ገና ሁለት ሳምንት ሲሆነው ላቫጆ ወሰድኩት። ሰም ቀቡት፤ ጎማውንና በፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ጥቁር ፕላስቲክም በሚረጭ ማብረቂያ አሳመሩት። ከሳምንት በኋላ የተቀባው ሁሉ ጭጋግ የለበሰ መሰለ። ቀቢው ኮፈኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨውን መልክ አልባ አብረቅራቂ ሽፋን) ሲደግምበት ደግሞ ክብ ክብ ጉድጓዶች ወጡበት፤ በተለይ በጎማው በኩል ባለው ጠርዝና በመስታወቱ ሥር። እንደገና ፈግፍጎ ሲሞክርም ያው ሆነ። እሱ የገዛነው ቀለም የማይረባ ነው ይላል። እውነት ነው? አሁን ምን ይደረግ? ከእንግዲህስ ምን ልቀባው እችላለሁ?»

መልስ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ ዓይኔ ያረፈው ጉድጓዶቹ በበዙበት ቦታ ላይ ነው። ቀለሙ ራሱ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ቦታ አይመርጥም ነበር፤ መላ ኮፈኑን እኩል ያበላሸው ነበር። እርስዎ ግን በጎማው በኩልና በመስታወቱ ሥር ብለዋል። ላቫጆው ማብረቂያ የረጨው በእነዚሁ ሁለት ቦታዎች ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው በማብረቂያው ውስጥ ያለው ሲሊኮን የሚባል ዘይት ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ይህን ግምት የሚያናጋ ነገርም በጥያቄዎ ውስጥ አላገኘሁም። ጭጋጉ የመጣው ከሌላ ምክንያት ስለሆነ እርሱን በኋላ እናየዋለን።

ወደ ሥራው ሳንገባ አንድ ነገር ልበል። ሃርድነር፣ ማለትም ክሊሩን የሚያጠነክረው ኬሚካል፣ የተቀላቀለበት ክሊር በሚረጭበት ቦታ እርስዎም ልጆችዎም አይቁሙ። በሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሳንባን ያስቆጣል፣ አስም ያስይዛል። የወረቀት ጭምብል ወይም በአፍንጫ ላይ የታሰረ ሻሽ አያግደውም። ሽታ አልሸተተኝም ማለትም ደኅና ነኝ ማለት አይደለም፤ የሚሸትተው ክሊሩን የሚያቀጥነው ቲነር ነው እንጂ አይሶሳይኔቱ አይደለም። ለረጪው የሚገባው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭምብል ነው።

አሁን ሲሊኮን ምን እንደሚሠራ ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ። ይህን የተረዳ ሰው ከእንግዲህ በመኪናው አጠገብ የሚረጨውን ሁሉ ዝም ብሎ አያይም።

እያንዳንዱ ፈሳሽ ገጹን ወጥሮ የሚይዝ ኃይል አለው። የውሃ ውጥረት ትልቅ ነው፤ በክፍል ሙቀት በሜትር 72 ሚሊኒውተን ገደማ ይደርሳል። የሲሊኮን ዘይት ግን 20 አካባቢ ነው። እርጥብ ክሊር በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ ከውሃው እጅግ ያነሰ፣ ከሲሊኮኑ ግን ከፍ ያለ ነው። ፈሳሽ ደግሞ ተዘርግቶ የሚለብሰው ውጥረቱ ከእርሱ የሚበልጥን ገጽ ነው። ከእርሱ ያነሰ ሲገጥመው ይሰበሰባል፣ ይሸሻል። ንጹሕ ክሊር ንጹሕ ኮፈን ላይ ሲያርፍ ያለምንም ችግር ይተኛል። በዓይን የማትታይ የሲሊኮን ጠብታ ካገኘች ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠብታዋ ያረፈችበት ቦታ ውጥረቱ ይላላል፤ በዙሪያው ያለው ክሊር ውጥረቱ የጠነከረ ስለሆነ ፈሳሹን ከመካከል ወደ ዳር ይስበዋል። መካከሉ ባዶ ይቀራል፣ ዳሩ እንደ ቀለበት ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቲነሩ ተንኖ ክሊሩ እስኪወፍር ባለው አጭር ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ እንዳለ ይደርቃል። በጣትዎ ቢዳብሱት ዳሩ ያቆረቁርዎታል፤ በባትሪ ከጎን ቢያበሩበት ከታች ሰማያዊው ቀለም ራቁቱን ይታያል።

ይህን እቤትዎ ማየት ይችላሉ። በሳህን ንጹሕ ውሃ ያድርጉና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይነስንሱበት። ከዚያ ፈሳሽ ሳሙና የነካ ጣትዎን መካከል ላይ ያስነኩ። ቁንዶ በርበሬው በቅጽበት ወደ ሳህኑ ዳር ይሸሻል። የገፋው ጣትዎ አይደለም፤ ሳሙናው መካከሉን ሲያላላው ዙሪያው ያለው ውሃ ወደ ራሱ ሳበው። ኮፈንዎ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ውሃው ክሊር፣ ሳሙናው ሲሊኮን መሆኑ ነው። ከዚህ የምንረዳው ደግሞ ጉድጓዱን በላዩ ላይ ክሊር እየደራረቡ መሙላት እንደማይቻል ነው። ጠብታዋ እስካለች ድረስ አዲሱም ክሊር ይሸሻታል።

ሲሊኮን በራሱ ተንኖ አይጠፋም፤ ውሃ ብቻውንም አያነሣውም። በጨርቅ፣ በእጅ፣ በኮምፕሬሰር አየር ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል። የቀቢዎ ሙከራዎች የከሸፉትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳያጸዳ ፈግፍጓል። ሲሊኮን ያለበትን ገጽ ሲፈገፍጉት ወረቀቱ ዘይቱን እየጎተተ በጭረቶቹ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማውጣቱ እጅግ ይከብዳል። ሁልጊዜ ጽዳት ከብርጭቆ ወረቀት ይቀድማል!

እንግዲህ ያለው ክሊር ቢያንስ አንድ ሳምንት የመስከረም ፀሐይ ይምታው። ከዚያ መላ መኪናው በሞቀ ውሃና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይታጠብ። ኮፈኑ ብቻ አይበቃም፤ ጎማው፣ የጎማው ቤት፣ በመስታወቱ ሥር ያለው ፕላስቲክም አብረው ይታጠቡ። አለበለዚያ ሲረጩ የመርጫው አየር ከዚያ እያነሣ ይመልስልዎታል። ሲደርቅ በሰምና ቅባት ማጽጃ ፈሳሽ በሁለት ጨርቅ ይጸዳ። በአንዱ ጨርቅ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ አርጥቦ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ማንሣት ነው። ፈሳሹ እዚያው ከደረቀ ያሟሟውን ዘይት መልሶ ያስተኛዋል። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፤ ተጠቅመው የጣሉትን አጥበው ለቀለም ሥራ እንዳይመልሱት።

ከዚህ በኋላ በ600 ቁጥር ወረቀት በውሃ መፈግፈግ ይቻላል፤ የጉድጓዱ ጠርዝ እስኪጠፋ ድረስ። ጥልቅ የሆኑት ወደ ሰማያዊው ካደረሱ ቀለሙም መደገም አለበት፤ ያንን ለመቆጠብ በግማሽ ማቆም ዋጋ የለውም። እንደገና በፈሳሹ ያጽዱና በመጨረሻ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃው ሳይቆራረጥ ተዘርግቶ ከቆየ ንጹሕ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ከተሰነጠቀና ከሸሸ እዚያ ዘይት አለ፤ ጽዳቱን ይድገሙት። ውሃው ደርቆ ሲያበቃ የመጀመሪያው ክሊር ስስ ሆኖ ይረጭ፤ ያዝ እስኪያደርግ ተጠብቆ ሙሉው ይከተል። ኮምፕሬሰሩም ውሃና ዘይት የሚያጣራ ማጣሪያ ይኑረው፤ የኮምፕሬሰር ዘይትም ልክ እንደ ሲሊኮኑ ጉድጓድ ያወጣል።

ቀቢዎ ጉድጓድ የሚያጠፋ ጠብታ ልጨምርበት ካለ እሺ አይበሉ። ያ ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሲሊኮን ነው፤ ውጥረቱን ሁሉንም ቦታ እኩል በማላላት ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አያጸዳም። አንድ ጊዜ ከገባ ቀጥሎ የሚረጨውም ሁሉ ይፈልገዋል፤ መርጫውን በክሎ የሚቀጥለው ደንበኛ መኪና ላይ ይወጣል። በቤንዚን ማጽዳትም ልማድ ሆኗል፤ ቤንዚን የራሱን ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ እሳትም ነው። ሞተርና የመኪና ሆድ ናፍጣ እየረጩ የሚያጥቡ ላቫጆዎችም አሉ። ያ የናፍጣ ብናኝ አዲስ ቀለም ላይ ሲያርፍ ማየት ያመኛል፤ ሰው ለቀለም ያወጣውን ገንዘብ በአንድ ጠዋት ያበላሹበታል።

ወደ ጭጋጉ እንመለስ። ክሊር በቀለም ምድጃ ውስጥ 60 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ ጠንክሮ ይወጣል። ግቢ ውስጥ በነሐሴ የተቀባ ግን እንደዚያ አይደለም። የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የሃርድነሩ ሥራ ሊቆም ምንም አይቀረውም። ላዩ ደርቆ እጅ ባይዝም ቲነሩ ለሳምንታት እየወጣ ይቆያል። እርስዎ በሁለት ሳምንቱ በሰም ከደኑት፤ መውጫ ያጣው ቲነር ክሊሩን አለስልሶ አደበዘዘው። ሃርድነሩ ከየት እንደተገዛም ቀቢዎን ይጠይቁት። በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተገልብጦ የተሸጠ ከሆነ እዚያ ላይም እጠረጥራለሁ። ሃርድነር ከአየር እርጥበት ጋር ይዋሃዳል፤ ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ ኃይሉ ይደክማል። እንደገና ሲገዙ የታሸገ ቆርቆሮ፣ ከክሊሩ ጋር የአንድ ፋብሪካ የሆነ ይግዙ። ርካሹ መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ ያስከፍላል፤ እርስዎ እየከፈሉ ነው።

ክሊር ያልተደገመበት ፓራፋንጎ ላይ ያለውን ጭጋግ አሁን አይንኩት። ሰሙን ብቻ በማጽጃው ፈሳሽ በስሱ ያንሡለትና ፀሐይ ላይ ያቁሙት። ሁለት ወር ሲሞላው በ2000 ቁጥር ወረቀት በውሃ ታሽቶ፣ ሲሊኮን በሌለው ፖሊሽ ሲወለወል ይመለሳል።

ከእንግዲህ ምን ልቀባው ላሉኝ፦ ለመጀመሪያው ሳምንት ምንም። የወፍ ኩስ ወይም የዛፍ ሙጫ ከወደቀበት ግን ወዲያው በብዙ ውሃ ያለቅልቁት፤ ለስላሳ ክሊር ላይ አንድ ቀን ካደረ ቦታውን ይበላዋል። እስከ 30 ቀን ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስለስ ያለ የመኪና ሻምፖና ንጹሕ ስፖንጅ፣ በጥላ ሥር። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ የግፊት ውሃውም ከጠርዝ ይራቅ። የፕላስቲክ ሸራ አያልብሱት። ከ30 ቀን በኋላ ሰምም ሲሊኮንም የሌለው የእጅ ፖሊሽ ይፈቀዳል። ሰምና ሴራሚክ የሚባለው መከላከያ ሽፋን ለሁለት፣ ለሦስት ወር ይቆዩ፤ የክሊሩ ፋብሪካ ከዚህ የረዘመ ካዘዘ የእርሱ ይበልጣል።

ዕቃ ሲገዙ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ ሲሊኮን የለውም ተብሎ ስለተጻፈ ለአዲስ ቀለም ይሆናል ማለት አይደለም። ሲሊኮን የሌለው ዕቃ ቀለም ቤቱን አይበክልም፤ ሰም ካለው ግን ትኩሱን ክሊር ይከድነዋል። ሁለቱም እንደሌሉበት አረጋግጠው ይግዙ።

ቀን ቆጥረው ከተጠራጠሩ መኪናውን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አስመትተው አፍንጫዎን ወደ ኮፈኑ ያስጠጉ። ቲነር ከሸተተዎት ገና ነው። ኮፈኑን ከፍተው በውስጥ ጠርዙ፣ በማይታየው ቦታ፣ ጥፍርዎን ጫን ያድርጉ፤ ምልክት ከተወ አሁንም ገና ነው። ጎማውን ማሳመር ካለብዎት በውሃ የተሠራውን ዓይነት ይምረጡ፤ ስፖንጅ ላይ አድርገው በእጅ ይቀቡት እንጂ አይርጩት። ላቫጆ ሲገቡም ከመኪናው ሳይርቁ ይህንኑ ይንገሯቸው።

ቀቢዎን ደግሞ ስለ ጭምብሉ በድጋሚ ይንገሩልኝ። መርጨት ካቆመ በኋላም ጉሙ ዓይን ሳያየው አየር ላይ ይቆያል፤ ቦታው እስኪናፈስ ጭምብሉን አያውልቅ፣ ሃርድነር ሲቀላቅልም ጓንት ያድርግ። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ የሚያስለው ወይም ደረቱን የሚያፍነው ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ሃርድነር እንደሚረጭም ለሐኪሙ ይናገር። ሳንባ አንድ ጊዜ ከተቆጣ ከዚያ በኋላ ጥቂቷም ትበቃዋለች።