ከሚዛኑ እስከ ቢሮው 70 ሜትር፦ ዩኤስቢውን እንዴት እናድርሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነው። በምርት አዳራሹ ያሉትን ሚዛንና ሌብል ማተሚያ፣ እንዲሁም የፒኤልሲ (የማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ሶፍትዌራችንን የላይሰንስ ዶንግል (ሶፍትዌሩ እንዲሠራ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ቁልፍ) 70 ሜትር ርቆ ካለው የቢሮ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት እንፈልጋለን። ዩኤስቢውን በማራዘሚያ እስከ 20 ሜትር ሞከርነው፤ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። አዳራሹ ውስጥ የኔትዎርክ ስዊች አለ። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ማራዘሚያው አልተበላሸም፤ ከአቅሙ በላይ ነው የተጠየቀው። ለዩኤስቢ 2.0 አንድ ገመድ የተፈቀደው 5 ሜትር ያህል ነው፤ ሲግናሉን ከ26 ናኖ ሴኮንድ በላይ እንዳያዘገይ ስለተወሰነ ነው። በቀጭን ረጅም ሽቦ ላይ ደግሞ 5 ቮልቱም ይወርዳል። በመሃል ሀብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) እያስገቡ ቢቀጥሉት እንኳ ከ5 ሀብ በላይ አይፈቀድም፤ ጠቅላላው 30 ሜትር ላይ ይቆማል።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ግን ሦስቱን መሣሪያዎች ለየብቻ ይመልከቷቸው። ማተሚያው የኔትዎርክ ፖርት ካለው ዩኤስቢውን ይተዉትና በካት 6 ገመድ ስዊቹ ላይ ይሰኩት፤ አብዛኞቹ የሌብል ማተሚያዎች የሚታተመውን በፖርት ቁጥር 9100 ይቀበላሉ። የሚዛኑን ጀርባም ይዩ። አርኤስ 232 (ሲሪያል የሚባለው የመረጃ መውጫ) ካለው ሲሪያል ወደ ኢተርኔት የሚቀይር ሳጥን በዩኤስቢ ከማጋራት ይልቅ አስተማማኝ ነው። በእርግጥ የዩኤስቢ ሰርቨር (የዩኤስቢ መሣሪያን በኔትዎርክ የሚያጋራ ሳጥን) የሚያስፈልገው ዶንግሉ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት መረጃ ስለሚለዋወጥ በኔትዎርክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም።

ገበያ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ዕቃዎች ስላሉ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። አንደኛው በካት ገመድ የሚሠራ ጥንድ ማራዘሚያ ነው። መሰኪያው የኔትዎርክ ቢመስልም ብዙው ዓይነት ከሳጥን ወደ ሳጥን በቀጥታ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስዊች ላይ ቢሰኩት አይሠራም፣ ስዊቹ በገመዱ ኃይል የሚሰጥ ከሆነ ሊያቃጥለውም ይችላል። የሚፈልጉት ሁለተኛውን፣ የራሱ አይፒ አድራሻ ያለውን የዩኤስቢ ሰርቨር ነው። ከስዊቹ እስከ ሳጥኑ ያለው የመዳብ ገመድ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ለሳጥኑ ከዲኤችሲፒ (አይፒ አድራሻን በራሱ ከሚያድለው አገልግሎት) ክልል ውጭ የሆነ ቋሚ አይፒ ይስጡት። ቢሮው ኮምፒውተር ላይ የሳጥኑን ሶፍትዌር ብቻ ሳይሆን የዶንግሉንም ድራይቨር ይጫኑ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። በፋየርዎል ላይ ሳጥኑ የሚጠቀምበትን ፖርት ይክፈቱ፤ ዩኤስቢን በኔትዎርክ በሚያስተላልፈው፣ ዩኤስቢ አይፒ በሚባለው አሠራር ቁጥሩ 3240 ነው። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ ዩኤስቢን ለጊዜው የሚያጠፋውን ቁጠባ ይዝጉት። ዶንግሉን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው ሠራተኛ «አይታይም» ሲል መጀመሪያ ማን እንደያዘው ያጣሩ።

የድሬዳዋን ሙቀት አይናቁት። ለቢሮ የተሠሩ ብዙዎቹ ሳጥኖች የሚችሉት እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተዘጋ ፓነል ውስጥ ያለው አየር ከሰዓት በኋላ ይህን በቀላሉ ያልፋል። በ24 ቮልት የሚሠራ፣ ዲን ሬይል (የፓነል ውስጥ የብረት ሐዲድ) ላይ የሚገጠም የኢንዱስትሪ ዓይነት ይግዙ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ያዋጣል። ዩፒኤስ የሚያስፈልገውም ለኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም። መብራት ብልጭ ሲል ስዊቹ ወይም ሳጥኑ ከጠፋ ዶንግሉ ይቋረጣል፣ ሶፍትዌሩም ሊዘጋ ይችላል።

የኔትዎርኩን ገመድ ከሞተርና ከኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ገመዶች ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ያርቁት፤ መሻገር ግድ ከሆነ በቀጥታ መስቀለኛ ይሁን። አዳራሹና ቢሮው የተለያየ ኧርዝ ካላቸው በሁለቱ መካከል ፋይበር ይዘርጉ። ደግሞም ዩኤስቢ አይፒ በራሱ የይለፍ ቃልም ምስጠራም የለውም፤ ፖርቱን ወደ ኢንተርኔት ፈጽሞ አይክፈቱ፣ ከውጭ መግባት ካስፈለገ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ይሁን።

ጥያቄ፦ እኛ ሐረር ነን። ለምርት ፍተሻ የምንጠቀምበትን የዩኤስቢ ካሜራስ እንዲሁ ማገናኘት ይቻላል?

መልስ፦ አይመከርም። 640 በ480 የሆነ ያልታመቀ ምስል በሴኮንድ 30 ጊዜ ሲላክ ወደ 147 ሜጋ ቢት ይደርሳል፤ 100 ሜጋ ቢት ስዊች አይችለውም። ስዊቹ ፈጣን ቢሆን እንኳ የዩኤስቢ ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ በሚጠቀሙበት የዩኤስቢ ዝውውር የጠፋ መረጃ ተመልሶ አይላክም፤ በመንገድ ላይ መዘግየት ሲኖር ምስሉ ይቆራረጣል። በቀጥታ በኔትዎርክ የሚሠራ ካሜራ ይተኩበት።