ቲማቲሙን የሚቦረቡረውና ድንቹን የሚበሳው ትል አንድ ነው?

"የቲማቲሜን ቅጠል ትል ጨረሰው፣ መጋዘን ያስገባሁት ድንችም ተበሳሳ። አንዱ ባለሙያ ቱታ ነው አለኝ፣ ሌላው ፍቶሪሜያ ነው አለ። የቱን ልመን?" ብለው ለጠየቁን አርሶ አደር፦ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

የቲማቲሙን ትል የምትፈለፍለው ትንሿ የእሳት እራት እ.ኤ.አ. በ1917 ከፔሩ በተገኘ ናሙና ነው የተመዘገበችው። ከዚያ ወዲህ ስሟ ስንት ጊዜ ተቀያየረ መሰልዎት! ቱታ አብሶሉታ የሚለው ስም ለምዶልን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የድንቹ የእሳት እራት ወዳለችበት ወገን ተዛወረችና ፍቶሪሜያ አብሶሉታ ተባለች። የድንቹ ፍቶሪሜያ ኦፐርኩሌላ ናት። ወገናቸው አንድ፣ ዝርያቸው ሁለት። መድኃኒቱ ላይ "ቱታ" ተብሎ ቢጻፍም ያው የቲማቲሙ ናትና አይደናገሩ።

የሁለቱም መነሻ ደቡብ አሜሪካ ነው። የድንቹ ቀድማ ዓለምን አዳርሳለች። የቲማቲሟ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ከታየች ወዲህ ነው ሜዲትራኒያንን አካልላ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ አፍሪካና እስያን ያጥለቀለቀችው።

አሁን ወደ ማሳዎ። የተጎዳውን ቅጠል ወደ ብርሃን ያንሱት። ስስ ሽፋኑ ብቻ ቀርቶ፣ ውስጡ ትሉና ጥቁር ኩሱ ይታያል። ትሉን አውጥተው ከራሱ ኋላ በአጉሊ መነጽር ይዩት፦ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለው የቲማቲሙ ነው፣ ቦታው በሙሉ ከጠቆረ የድንቹ። የቲማቲሙ ትል የድንች ቅጠልም ይበላል፣ መጋዘን ያለውን ድንች የሚበሳው ግን በአብዛኛው የድንቹ ነው። ድንቹ ዓይን ላይ ኩስ ተከምሮ ካዩ እሱ ነው።

ሁለቱም የቲማቲምና የድንች ዘመዶችን ስለሚወዱ ድንችን ከቲማቲም ቀጥሎ፣ ቲማቲምንም ከድንች ቀጥሎ አይዝሩ። የፌሮሞን ወጥመድ (በሴቷ ሽታ ወንዱን እራት የሚስብ) ከገዙ ደግሞ ለየትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ የአንዷ ሽታ ሌላዋን አይጠራም። ርጭት ላይ ብዙ አይመኩ፣ ትሉ ቅጠል ውስጥ ተደብቋል፣ በዚያ ላይ የቲማቲሙ ብዙ መድኃኒት ለምዷል። መርጨት የግድ ከሆነ አንዱኑ እየደጋገሙ ሳይሆን የተለያየ ንጥረ ነገር ያላቸውን እያፈራረቁ ነው።

ለድንቹ ዋናው መላ አፈር በደንብ ማስታቀፍ ነው፣ አፈሩ ከተሰነጠቀ እራቷ በስንጥቁ ገብታ እንቁላሏን ድንቹ ላይ ትጥላለች። የተቆፈረውን ድንች ማሳ ላይ አያሳድሩት፣ በድንች አገዳም አይሸፍኑት፤ አገዳው ሲደርቅ ትሉ ወደ ድንቹ ይወርዳል። የተበሳውን ሳይለዩ መጋዘን አያስገቡ።