አሮጌውን ቤት ለአራስ ማሰናዳት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪሟ በግንቦት አጋማሽ እንደምትወልድ ነግሯታል። አሁን የምንኖረው በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ነው። ከአያቴ የወረስኩት ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ጉለሌ ውስጥ አለ፤ ተከራዩ በቅርቡ ለቅቆልኛል። ቤቱ በንጉሡ ዘመን የተሠራ ሲሆን ኮርኒሱ የአቡጀዲ ነው። በሮቹና መስኮቶቹ በላይ በላዩ የተቀባ አረንጓዴ የዘይት ቀለም አላቸው፤ ቀለሙ እየተላጠ ይረግፋል። ከግድግዳው ግርጌ ልስኑ ወድቆ እንጨቱ ይታያል፤ የመብራቱም መስመር አሮጌ ነው። በየካቲት ገብተን፣ እየኖርንበት ቀስ በቀስ ልናድሰው አስበናል። ባለቤቴ የሕፃኑን ክፍል በገዛ እጄ ካልቀባሁ ትላለች። አንድ ሠራተኛ ደግሞ ግድግዳውን በሙሉ በሲሚንቶ ለስኖ በሦስት ሳምንት እንደሚያስረክበኝ ነግሮኛል። ገንዘባችን ለሁሉም አይበቃም። ከየት እንጀምር?
የመጀመሪያ ልጁን የሚጠብቅ አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት፤ ባለቤትዎንም በሽልም ያውጣልን። ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ተመልሼ ያየሁት «እየኖርንበት ቀስ በቀስ» የሚለውን ቃል ነው። ይህን አንድ ሐሳብ እንዲተዉት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሌላው ሁሉ ቢጎድል በኋላ ይሟላል፤ አሮጌ ቤት ሲታደስ የሚነሣው አቧራ ግን ነፍሰ ጡር ባለችበት መነሣት የለበትም። የኪራይ ክፍላችሁን፣ ብትጠብም፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይዛችሁ ቆዩ፤ ለእርሷ የምትከፍሉትንም ገንዘብ ከእድሳቱ ወጪ ጋር ቁጠሩት።

በጣም የሚያሰጋኝ ያ አረንጓዴ ቀለም ነው። አሮጌ የዘይት ቀለም ብዙውን ጊዜ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ይገኝበታል። በአገራችን ቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የእርሳስ መጠን የሚወስነው ደንብ ቁጥር 429 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን፣ ጣሪያውን ከሚሊዮን 90 እጅ ላይ አቁሞታል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀባን በርና መስኮት እርሳስ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት ነው የሚያዋጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ በግልጽ አስቀምጧል። እናት የተነፈሰችው ወይም የዋጠችው እርሳስ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ከዓመታት በፊት በአጥንቷ ውስጥ የተከማቸው እንኳ በእርግዝና ጊዜ ተመልሶ ወደ ደሟ ይወጣል። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላም አደጋው አያበቃም። መዳህ ሲጀምር እጁን ወለል ላይ አሳርፎ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ተደግፎ መቆም ሲጀምር ደግሞ ቁመቱ የሚደርሰው የመስኮቱ ደፍ ጋ ነው፣ ጥርሱ የሚያሳክከው ልጅም ያንን እንጨት ይነክሳል። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከአዋቂ አራት አምስት እጥፍ ነው።

ስለዚህ ቀለሙን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አያስፍቁት፣ በእሳትም አያስልጡት። ያልተላጠውና ጥብቅ ብሎ የተያዘው ባለበት ይቆይና በላዩ አዲስ ቀለም ይቀባበት። የተላጠውን ብቻ ውሃ እየረጩ በእርጥቡ መፋቅ፣ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፎ ፍርፋሪውን ሰብስቦ ማሰር፣ ወለሉንም በመጥረጊያ ሳይሆን በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ደጋግሞ መወልወል ነው። ሲከፈቱና ሲዘጉ እርስ በርስ የሚፋተጉት የመስኮት ክፈፎች ሁልጊዜ አቧራ ያወጣሉና፣ አቅም ከፈቀደ የሚተኙበትን ክፍል መስኮት እንዳለ ነቅሎ በአዲስ መተካት ይሻላል። የሚሠራው ሰው ኤን 95 የተባለውን የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ የተለመደው የጨርቅ መሸፈኛ ይህን አቧራ አያግድም። እርስዎም ሥራውን ሲቆጣጠሩ ውለው ወደ ባለቤትዎ ሲመለሱ ልብስዎንና ጫማዎን እዚያው ለውጠው ይሂዱ፤ የሥራ ልብሱም ከእርሳቸው ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ።

የአቡጀዲው ኮርኒስ ይውረድ። በእንዲህ ዓይነት ቤት የአቡጀዲ ኮርኒስ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከሥር ሲያዩት ነጭና ንጹሕ የሚመስለው ጨርቅ መሐሉ እንደ ሞላ ጆንያ ረግቦ ነበር፣ አንዱን ጥግ በምላጭ ሲቀዱት ጥላሸት፣ የአይጥ ኩስና የብዙ ዓመት አፈር ተያይዞ ወረደና ክፍሉ ውስጥ የቆመው ሰው እስኪጠፋን ድረስ ጨለመ። የእርስዎን በአንድ ጊዜ አያስቀድዱት። ዕቃ በሌለበት ክፍል ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጨርቁ ውሃ እየተረጨበት በቁራጭ በቁራጭ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይውረድ። ከዚያም ከኮርኒሱ በላይ የነበረው ቦታ በእርጥቡ ተጠርጎ የአይጥ መግቢያው ይደፈን። አዲሱን ኮርኒስ ግን ቆርቆሮው ተፈትሾ ፍሳሹ ሳይደፈን አያስመቱ።

ወደ ግድግዳው ስንመጣ፣ የወደቀው ልስን ምልክት ነው እንጂ በሽታው ሌላ ቦታ ነው። ቤቱ አሸንዳ ከሌለው ከክዳኑ የሚወርደው ዝናብ መሬቱን መትቶ እየፈናጠረ የግድግዳውን እግር ያርሰዋል። በአሮጌ ግቢዎች ደግሞ አፈሩ ከዓመት ዓመት እየተከመረ ከድንጋዩ መሠረት በላይ ይወጣና ጭቃውን ይነካዋል፤ ምስጥም መንገዱን የሚያገኘው በዚያው ነው። ስለዚህ ከልስኑ በፊት አፈሩ ተቆፍሮ የመሠረቱ ድንጋይ እንደገና ይታይ፣ ውሃው ከቤቱ የሚርቅበት ቦይ ይውጣለት፣ አሸንዳም ይገጠም። ይህ ዓይን የማይስብ ሥራ ነው፤ ገንዘብዎ አንድ ነገር ብቻ የሚያሠራ ቢሆን ግን እኔ ይህንን አስቀድም ነበር።

ከዚያ ካቻቢቴ ይዘው የእያንዳንዱን ቋሚ እግር ይውጉት። ጫፉ ጥፍር ያህል ገብቶ ከቆመ እንጨቱ ደኅና ነው፤ ቅቤ እንደሚወጋ ሰተት ብሎ ከገባ ተበልቷል። የተበሉት ይለወጡ፣ ነገር ግን ክዳኑን የተሸከሙት እነርሱ ስለሆኑ በድጋፍ እየተያዘ አንድ በአንድ ነው እንጂ በአንድ ቀን ሁሉም አይነቀሉም። ለዚህ ሥራ የጭቃ ቤት የሚያውቅ ሽማግሌ አናጺ ይፈልጉ፤ ብሎኬት ብቻ የለመደ ግንበኛ ብዙ ጊዜ «ይፍረስ» ይላል።

ሠራተኛው ያሰበልዎትን የሲሚንቶ ልስን አልመክርም። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል፣ እርጥበቱም በክፍሉ ውስጥ ሻጋታ ሆኖ ይወጣል፤ ሻጋታ ደግሞ ለአራስና ለሕፃን ሳንባ መጥፎ ነው። የቆየው መንገድ እዚህ ላይ ይበልጣል። በጤፍ ጭድ የተለወሰው ጭቃ በደንብ ተረግጦ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቡካ። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ አይደንግጡ፣ ቀጭኑ ልስን የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው። ሁለተኛውን ለመደረብ ግን አይቸኩሉ። የእጅዎን ጀርባ ግድግዳው ላይ ያሳርፉ፤ ቅዝቃዜ ከተሰማዎት ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ስንጥቆቹ በደንብ ከተደፈኑ ትኋንም መደበቂያ ያጣል፤ ነፍሰ ጡርና አራስ ባሉበት ቤት ግድግዳ ላይ የነፍሳት መርዝ ከመርጨት የሚመረጠው ይኸው ነው።

ጊዜውን ያስተውሉ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በጥር መግቢያ ነው። የጭቃው ሥራ በጥርና በየካቲት ፀሐይ ካልደረቀ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ይደርስበታል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ክረምት ነው። ኮርኒስ ማውረዱ፣ ቀለም መፋቁና ምርጊቱ እስከ የካቲት መጨረሻ ይለቅ። መጋቢት ለመብራትና ለአዲሱ ኮርኒስ፣ የሚያዝያ መጀመሪያ ለቀለም ይሁን። በፋሲካ ሰሞን ሠራተኛ ሁሉ ወደ አገሩ እንደሚሄድ አስቀድመው ያስቡበት፤ ልጅም ከተባለለት ቀን በፊት ሊመጣ ይችላልና የመጨረሻውን ሥራ ወደ ግንቦት አይግፉት።

ስለ መብራቱ የምለው ለባለሙያ የሚተው ነው፤ ሦስት ነገር ግን ራስዎ ይጠይቁ። ባልቦላው ሲቃጠል በሽቦ ክር ታስሮ እንደሆነ ይዩ፤ በአሮጌ ቤት ይህ የተለመደ ነው፣ እሳት የሚነሣውም ከዚያ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ኃይል ስለሚስብ ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ነው፣ ከመስመሩ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው፤ በንጉሡ ዘመን ቤት ውስጥ ላይኖር ስለሚችል በአዲስ መልክ ይቀበርልዎ።

ባለቤትዎ የልጃቸውን ክፍል በእጃቸው ለመቀባት መመኘታቸውን በሚገባ እረዳለሁ፤ ልጅ የምትጠብቅ እናት ጎጆዋን ማበጀት ትወዳለች። መፋቁንና መቀባቱን ግን ሌላ ሰው ይሥራው። እርሳቸው ቀለሙን ይምረጡ፣ መጋረጃውን ይስፉ፣ የሕፃኑን ልብስ አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ። በጭቃ ልስን ላይ ኖራ ቢቀባ ግድግዳው ይተነፍሳል፤ ለበርና ለመስኮት የሚገዛው ቀለም ቆርቆሮው ላይ እርሳስ እንደሌለበት የተጻፈበት ይሁን። ከተቀባ በኋላ መስኮቱ ተከፍቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይናፈስ። ባለቤትዎ ቀደም ሲል ቀለሙ በሚረግፍበት ቤት ውስጥ ሰንብተው ከሆነ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ብረትና ካልሲየም ያለበት ምግብ እርሳስ ወደ ደም እንዳይገባ በመጠኑ ያግዛል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወረዳችሁን ስለ እድሳት ፈቃድ መጠየቅ አይርሱ፤ ክዳኑ ተነሥቶ ሥራ ቢታገድ የሚያልፈው ጊዜ የሕፃኑ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ የሚቀረው የሳሎኑ ወለል፣ የውጩ ቀለምና አዲሱ አልጋ ይሁን። ሦስቱም ክፍሎች ካልደረሱ አንዷን ክፍል ጨርሰው፣ በሌሎቹ ውስጥ ሥራ ሳያስቀጥሉ ይግቡ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለመታረስ ከአዲስ አበባ ወደ እኔ፣ ደብረ ብርሃን ትመጣለች። ለእርሷ ብዬ አሮጌውን ቤቴን አስመረግሁ፣ በሩን አስለወጥሁ፣ ኮርኒስም አስመታሁ። የሌሊቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። የምትተኛበትን ክፍል በከሰል አሞቀዋለሁ ብል ጎረቤቴ አደገኛ ነው አለችኝ። እኔ አምስት ልጆች ያሳደግሁት በዚሁ ነው።
አያት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እናታችን፣ ለልጅዎ ያደረጉት ዝግጅት ልብ የሚነካ ነው፤ ጎረቤትዎ ግን እውነታቸውን ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ብዙዎቻችን ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁንስ ይግባ» እንላለን፤ ጋዙ ግን ከቀላውም ከሰል ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና መዛል ሲጀምር ሰው ብርድ ወይም ምች የመታው ይመስለዋል፤ አራስ ደግሞ ደክማ ተኝታ ላታውቀው ትችላለች።

አምስት ልጆችዎን ያሳደጉበት ቤት በበሩ ሥርና በግድግዳው ስንጥቅ ነፋስ ያስገባ ነበር፤ ያ ነፋስ ያበረድዎትን ያህል አድኖዎታል። አሁን ስንጥቁን ደፍነው፣ በሩን ለውጠው፣ ኮርኒስ አስመትተዋል። ቤቱ ሙቀት ይይዛል፤ ጋዙንም እንዲሁ ይይዛል። የቀድሞው ልማድ በታደሰው ቤት ውስጥ አይሠራም።

ለአራሷ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘውን ክፍል ይስጧት፣ አልጋዋን ከውጩ ግድግዳ አንድ ክንድ ያርቁት፣ ከፍራሹም ሥር ወፍራም ምንጣፍ ያድርጉ። ሕፃኑ ባዶ ገላው በእናቱ ደረት ላይ ተደርጎ፣ ራሱ በኮፍያ ተሸፍኖ፣ ከላይ ጋቢ ቢለብስ ከምድጃ የተሻለ ሙቀት ያገኛል። ከተወለደ በኋላም 24 ሰዓት ሳይሞላው ገላውን አይጠቡት። መብራታችሁ አስተማማኝ ከሆነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከመኝታ በፊት ክፍሉን ካሞቀ በኋላ ይጥፋ። ጠያቂ ሲመጣ ቡናው በአራሷ ክፍል ሳይሆን በማድ ቤት ይፈላና ሲኒው ይግባ፤ ዕጣኑም እዚያው ማድ ቤት ይጢስ። በቀን ፀሐይ ሲሞቅ መስኮቱን ለጥቂት ጊዜ ይክፈቱት፤ ያን ጊዜ አራሷና ሕፃኑ ወደ ሌላው ክፍል ዞር ይበሉ።