ጥያቄና መልስ፦ ቲማቲሙን ማን አየው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ፀረ ተባይ ናቸው።

«ቲማቲሙ ላይ ነጭ ነገር አያለሁ። ባጥበው ይለቃል?» (እናት፣ ደሴ)

እህቴ፣ በሚፈስ ውሃ እያሸሽ ብታጥቢው ከላይ ያለው በከፊል ይለቃል። መላጥም ይረዳል። ተክሉ ውስጥ የሰረገው ግን በውሃ አይወጣም። በኦሞ እንዳታጥቢው። ነጭ ነገር ሁሉ የተባይ መድኃኒት አይደለም፤ ምንም ያልታየበት ቲማቲምም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

«ታዲያ የሚቆጣጠረው ማን ነው?» (ኮምቦልቻ)

ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ አዋጅ ቁጥር 674/2002 ይከለክላል። ምዝገባው የግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው። እህልና አትክልት ላይ የቀረውን ለማወቅ ግን ናሙና ላብራቶሪ መግባት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ወሰን ላላወጣለት መድኃኒት የሚፈቅደው በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው። ጃፓንም በ2000 ዓ.ም. ቡናችን ላይ ከወሰን ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ግዢዋ አሽቆለቆለ። የውጭ ገዢ እንዲህ ይጠይቃል። ከቆቦ ወደ ደሴ የተጫነውን ቲማቲም ግን መንገድ ላይ አስቁሞ የሚመልስ ገዢ የለም። ይህ በጣም ይቆጨኛል። የሚበሉት የኛው ልጆች ናቸው። ናሙናው ከኛም ገበያ ይወሰድ፤ ውጤቱም ለሸማቹና ለገበሬው በግልጽ ይነገር።

«ሽንኩርቴን ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ፈጀው። በረጨሁ በሦስተኛው ቀን ነጋዴ መጣ። ልሽጥ?» (ገበሬ፣ ቆቦ)

ወንድሜ፣ ከርጭት እስከ ምርት ማንሳት ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። እንደ መድኃኒቱና እንደ ሰብሉ ይለያያል፤ 7 ቀን የሚበቃው አለ፣ 14 እና ከዚያም በላይ የሚፈልግ አለ። ቀኑ ካልሞላ አትንቀል። ነጋዴው «መኪናው ቆሟል» እያለ እንደሚያጣድፍህ አውቃለሁ፤ ብሩም ያስፈልግሃል። ስለዚህ የረጨህበትን ቀን ጽፈህ ያዝ፤ ነጋዴውንም የሚጠበቀው ቀን ከሞላ በኋላ ቅጠረው። በላስቲክ ተቀንሶ የሚሸጥ መድኃኒት ደግሞ አትግዛ። ጽሑፉ ከሌለ ቀኑን በምን ታውቃለህ?

«ማሽላዬ ነቀዘ። ፎስቶክሲን የሚባለውን የነቀዝ ክኒን ልጨምርበት? ጆንያው ያለው የምንተኛበት ቤት ነው።» (ሐይቅ)

እማማ፣ በፍጹም! ክኒኑ እርጥበት ሲያገኘው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዙን ብቻ አይደለም፣ የተኛ ሰውም ይገድላል። ማሽላውን ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁትና ፒክስ በሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ከተው አፉን አጥብቀው ይሰሩት። ነቀዙ አየር አጥቶ ያልቃል። ክኒኑን አስቀድመው ጨምረውት ከሆነ ግን ልጆቹን ይዘው ይውጡ፤ ዛሬ ማታ እዚያ ቤት ማንም እንዳይተኛ።