ለመግቢያ ፈተናው ሬጎንዲን ልጫወት?

ሰላም እህቴ፣

ከፍራንክፈርት የጻፍሽው ደርሶኛል። የጊታር ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ለመጀመር የመግቢያ ፈተና ይጠብቅሻል። መምህርሽ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ የስፔናዊውን የጊታር ደራሲ የታሬጋን «የአልሐምብራ ትዝታ» ይዘሽ ግቢ ብለውሻል። ያንቺ ልብ ግን ከእሱ በፊት የነበረው የጊታር ተጫዋችና ደራሲ፣ የጁሊዮ ሬጎንዲ «ሬቨሪ» ላይ ነው። እናትሽ ደግሞ «ጊታር እንጀራ ይሆናል ወይ?» እያሉ ነው።

ሬቨሪን ተጫወቺ። ከባድ ስለሆነ ግን አይሁን። ፈታኞች ፈጣን ጣት በየቀኑ ያያሉ። የሚፈልጉት የሚዘፍን ጊታር ነው።

ሬቨሪ የታተመው በ1864 እዚያው አጠገብሽ፣ ከማይን ወንዝ ማዶ ባለችው ኦፈንባክ ከተማ ነው። ታሬጋ ያኔ ገና ልጅ ነበር። ለምን መረጥሽው ካሉሽ ይህንን ንገሪያቸው።

የሬቨሪ ከባዱ ነገር ያለው ትሬሞሎ በሚባለው አጨዋወት ላይ ነው። አውራ ጣት ባሱን ሲመታ፣ ሌሎቹ ጣቶች አንዷን ድምፅ እየደጋገሙ ዜማውን ይስባሉ። አንዷ ጣት ከደከመች ዜማው እንደ አንካሳ ፈረስ ይሄዳል። በስልክሽ ቅጂውና ስልኩን ሌላ ክፍል ከፍተሽ ከበር ውጭ አዳምጪ። ዘፈን ከሰማሽ ጥሩ ነው። «ትርርር» ብቻ ከሰማሽ ግን ገና ነሽ፤ ሜትሮኖሙን (የምት መቁጠሪያውን) ወደ ዝግታ ዝቅ አድርጊና በቀለበት ጣትሽ ላይ ጫና እየሰጠሽ ቀስ ብለሽ ሥሪው።

ሌላም አለ። ጠዋት ጣትሽ ሳይሟሟቅ ተነሺና ከትሬሞሎው መግቢያ ጀምሪ። ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው ሦስት ጠዋት በተከታታይ ንጹሕ ካልወጣልሽ፣ የመምህርሽን ምክር ተቀበዪ። የምንጫወተው በጥሩ ቀናችን ብቻ አይደለምና። ከመሃልም ሊያስቆሙሽ ስለሚችሉ ከተለያየ ቦታ መጀመር ልመጂ።

የትምህርት ቤቱን መስፈርትም በደንብ አንብቢ። ብዙዎቹ ከተለያየ ዘመን የተጻፉ ሥራዎችን ይጠይቃሉ፤ ሬቨሪና የታሬጋው ሁለቱም የአንድ ክፍለ ዘመን የትሬሞሎ ሥራዎች ስለሆኑ አንድ ላይ ማቅረብ ቦታ ማባከን ነው። የሙዚቃ ቲዎሪ፣ የሰማሽውን ድምፅ የምትለዪበት የጆሮ ፈተና፣ አንዳንዴም ፒያኖ አለ። በጊታር አሸንፈው በጆሮ ፈተና የቀሩ ልጆች አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝናል።

የእናትሽ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አትቆጪ። ሬጎንዲ ራሱ ገጥሞታል። አባቱ ነኝ የሚል ሰው በሕፃንነቱ ከከተማ ከተማ እያዞረ ሲያስጫውተው ኖሮ፣ በ1831 ለንደን አምጥቶት ኋላ ገንዘቡን ይዞ ጠፋ። ልጁ ኮንሰርቲና የምትባለውን፣ ከአኮርዲዮን የምታንስ መሣሪያ ተማረ። ስሙም እንጀራውም በአመዛኙ ከእሷ መጣ፤ ያስተምርባትም ነበር። ጊታሩን ግን አልተወም። ሬቨሪን ያሳተመው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ስታመለክቺ የመድረክ ተጫዋችነቱን ዘርፍ ብቻ አትሙዪ። ጀርመን ውስጥ የማስተማር ዘርፍም አለ፤ በሙዚክሹሌ (በሙዚቃ ትምህርት ቤት) ለመቀጠር የሚጠቅምሽ እሱ ነው። ከመድረክ ያነሰ አይደለም፣ እመኚኝ።

እናትሽን ደግሞ አንድ ምሽት ሳሎን አስቀምጫቸውና ሬቨሪን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቺላቸው። ብትሳሳቺም አታቁሚ። በሰው ፊት መጫወትን ከአሁኑ ጀምሪው።