«ሁሉ ለበጎ ነው» በይ ይሉኛል፣ አፌ ግን እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦
መምህር እንደምን ሰነበቱ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ጥያቄዬ ትንሽ ስለሚረዝም ይቅርታ። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው፣ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ። ሰፈር ውስጥ ትንሽ ልብስ ስፌት ነበረችኝ የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱም ሱቁም አብሮ ሄደ፣ አሁን አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። የሚገርመኝ ከዛ በፊት በነበረው ፍልሰታ ሱባኤ ይዤ «ሱቋን አስፋልኝ» ብዬ ነበር የለመንኩት፣ ለቁልቢ ገብርኤልም ጃንጥላ ተስያለሁ። ደንበኞቼ ተበተኑ፣ በ23 የምንጠጣው የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበራችንም ተበተነ፣ ማሽኔ አልጋ ስር ገብታለች። አንዷ እህት ኃጢአትሽን መርምሪ ትለኛለች፣ ሌላዋ አንድ አጥማቂ ቲክቶክ ላይ «በ3 ወር ያጣችሁት ይመለሳል» ሲሉ ልካልኝ ስጠብቅ 3 ወሩም አለፈ። ሰው ሁሉ «ሁሉ ለበጎ ነው በይ» ይለኛል፣ እኔ ግን አፌ እምቢ ይለኛል። ይሄ እምነት ማጣት ነው? ስለቱንስ ምን ላድርገው? የንስሐ አባቴም እዛው ጊዮርጊስ ናቸው፣ ከሩቅ ሆኜ እንዴት ልሁን?

መልስ፦
እህቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሚሴጅሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ አንዴ ማታ ቤቴ ገብቼ። እኔም ፒያሳ ስደርስ ይደናገረኛል ልንገርሽ። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ የምጠጣባት ቤት ነበረች፣ በቀደም እግሬ በልማዱ ወሰደኝና ቤቷ ከነበረችበት ስደርስ ምንም የለም፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ቆሜ ቀረሁ። ሻይ ቤት ነው እኮ የኔ፣ ያንቺማ ቤትሽ ነው።

አፌ እምቢ አለኝ ያልሽው እምነት ማጣት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሮሜ 8፥28 ላይ ያለው እግዚአብሔርን ለሚወዱት «ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲደረግ እናውቃለን» ነው፣ የሆነው ነገር ሁሉ በጎ ነው አላለም፣ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ዮሴፍ ለወንድሞቹ «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ» ብሎ ክፉውን ክፉ ብሎ ጠርቶ ነው ከዛ በኋላ «እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ያለው፣ እሱንም ያለው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ አይደለም፣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ተጀምሮ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። ጉድጓድ ውስጥማ ምን ይል ነበር? ዘፍጥረት 37 ላይ ዝም ያለ ነው የሚመስለው፣ ምዕራፍ 42 ቁጥር 21 ላይ ስትደርሺ ግን ወንድሞቹ ራሳቸው ያወጡታል፣ ሲለምናቸው ነፍሱ ስትጨነቅ አይተው እንዳልሰሙት። ልጁ ሲያለቅስ ነበር እኮ። ዳዊትም «እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ» እያለ ነው የጸለየው፣ ይሄንን በየቀኑ ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ይለዋል፣ ቤተክርስቲያን እንዲህ ብላችሁ ጸልዩ ብላ በእጃችን የሰጠችንን ቃል አንቺ ስትይው ነው ክህደት የሚሆነው?

ለሚያጽናኑሽ ሰዎችም አንድ ነገር ልበል፣ ካነበቡት። ነቢዩ ኤርምያስን ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉት ያወጣው የኛው ሰው ነው፣ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ፣ ምዕራፍ 38 ላይ አለ። አቤሜሌክ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሁሉ ለበጎ ነው አላለውም። ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ስለሱ ተሟገተ፣ ከዛ ገመድ አመጣ፣ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው ደግሞ ያረጀ ጨርቅና እላቂ ልብስ ፈልጎ «ይሄን ከብብትህ ስር አድርግ» አለው። ይቺ የጨርቋ ነገር ሁሌ ታስገርመኛለች፣ አንቺ ባለ ጨርቅ ስለሆንሽ ይበልጥ ይገባሻል። ማጽናናት ማለት እንደሱ ነው፣ ጥቅስ መወርወር ቀላል ነው።

ይሄው አቤሜሌክ ደግሞ በተረፈ ባሮክ ሌላ ታሪክ አለው። ኤርምያስ በለስ እንዲያመጣ ላከው፣ ከዛፍ ጥላ ስር ጋደም አለና 66 ዓመት ተኛ። ነቅቶ ሲመለስ ኢየሩሳሌም ፈርሳለች፣ ሰዉ ተማርኮ ሄዷል። ከተማው ገብቶ ቤቱን ቢፈልግ የለም፣ ዘመዶቹን ቢፈልግ የሉም፣ መንገድ የሳተ መስሎት ተመልሶ ወጣ፣ አሁንም ገባ፣ በመጨረሻ ቁጭ ብሎ አንድ ሽማግሌን «ይቺ ከተማ ማን ናት» ብሎ ጠየቀ። ፒያሳን ሳያት ይሄ ሰውዬ ነው ትዝ የሚለኝ። መሶቡ ውስጥ ያለው በለስ ግን ገና እንደተቀጠፈ ነበር፣ ወተቱ ሳይደርቅ። አባቶች ስለ ትንሣኤ ያስተምሩበታል፣ እኔ ዛሬ እዛ አልገባም፣ ብቻ ይዞት የወጣው ነገር እንዳልተበላሸበት ልብ በይ። አንቺም ይዘሽው የወጣሽው እጅ አለ፣ እሱ አልፈረሰም።

ኃጢአትሽን መርምሪ ላለችሽ እህት፣ መመርመሩ ጥሩ ነው ሁላችንም በየቀኑ እንመርምር፣ ግን ቤትሽ የፈረሰው በኃጢአትሽ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። ሰፈሩ በሙሉ ነው የተነሳው አይደል እንዴ፣ የሁሉም ኃጢአት አንድ ቀን ላይ ሞላ? የኢዮብ ጓደኞችም ይሄንኑ ብለው ነው በመጨረሻ «ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» ብሎ እግዚአብሔር የተቆጣቸው፣ ጌታም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሲጠየቅ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ብሏል። ይሄ በዚህ ይብቃን።

የ3 ወሩ ነገር ግን ያናድደኛል። ይሄ አዲስ አይደለም፣ ኤርምያስ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ሰው በሕዝቡ ፊት ቆሞ «በ2 ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» ብሎ ነበር። ሕዝቡ ደስ ብሎት ይሆናል፣ ማን ደስ አይለውም፣ ኤርምያስ ራሱ እኮ በመጀመሪያ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው ያለው፣ የሰው መመለስ ጠልቶ አይደለም። ግን እግዚአብሔር አልላከውም ነበር። የሐሰት ተስፋ ሰውን የሚጎዳው እንዲህ ነው፣ ሻንጣውን ሳይፈታ ያስቀምጠዋል። ማሽንሽ አልጋ ስር የገባችው በምን ይመስልሻል? እኔ ስጠረጥር በ3 ወሯ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ታክሲ ላይ በስቲከር የምናየው ጥቅስ አለ፣ ኤርምያስ 29፥11፣ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም»። ሁላችንም እንወደዋለን፣ ስልካችን ላይም አለ። ግን ይሄ ለማን እንደተጻፈ የሚያይ ጥቂት ነው። ከቤታቸው ተነስተው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው! ከላይ ቁጥር 2 ላይ እነማን እንደተወሰዱ ሲዘረዝር ከንጉሡና ከመኳንንቱ ጋር ባለ እጆቹን ይጠራል፣ ጠራቢዎቹን፣ ብረት ሠራተኞቹን፣ እንዳንቺ በእጃቸው የሚያድሩትን። ከ11 በፊት ያለው ቁጥር 10 ደግሞ ስቲከር ላይ አይለጠፍም ምክንያቱም 70 ዓመት ነው የሚለው። እና 70 ዓመቱን ምን አድርጉ አላቸው? ቁጥር 5፣ «ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፥ አታክልትም ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ»። ልጆቻችሁን ዳሩ ይላል፣ ቁጥር 7 ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ የተወሰዳችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለሷም ጸልዩ። ስለ ባቢሎን! የማረከቻቸው ከተማ!

እንግዲህ በእግዚአብሔር መታመን ምንድነው ብለሽ ከጠየቅሽኝ እኔ ከዚህ ደብዳቤ የምረዳው ይሄን ነው፣ የሆነብሽን ነገር ወደሽ መቀበል አይደለም፣ ይመለስልኛል ብሎ ሻንጣ ይዞ መቀመጥም አይደለም። እያለቀሱ መትከል ነው። እነዚያ ሰዎች በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው አልቅሰዋል መዝሙሩ ላይ አለ፣ አታክልትም ተክለዋል። አንዱ አንዱን አልከለከለም። ጉዳይሽን መከታተልም እምነት ማጣት እንዳይመስልሽ፣ ወረዳ ሄደሽ የሚገባሽን ጠይቂ፣ ዮሴፍም እስር ቤት ሆኖ ለጠጅ አሳላፊው «ለፈርዖን ንገርልኝ» ብሎታል፣ ሰውየው ረሳው እንጂ።

እኔ ራሴ የወጣሁት ለድጓ ነበር፣ ዜማ ቤት ስንት ዓመት ቆይቼ ጉሮሮዬን ታመምኩና ድምፄ ሄደ። አዲስ አበባ ለሕክምና መጥቼ ነው ቀርቼ መጻሕፍት የተማርኩት። አሁን «ለካ እግዚአብሔር ለስብከት ፈልጎኝ ነው» ብዬ ታሪኩን አሳምሬ ልጨርስልሽ እችላለሁ፣ ሰውም ይወደዋል። እውነቱ ግን ዛሬም ማኅሌት ላይ ቆሜ ድምፄ ሲሰነጠቅ ይከፋኛል፣ ለምን እንደሆነ አልተነገረኝም። ከፍቶኝም ግን እቆማለሁ።

ስለ ስለቱ አጭር ነው። የተሳልሽው «ሱቋን ካሰፋልኝ» ብለሽ ከሆነ እሱ አልሆነምና ዕዳ የለብሽም፣ ገብርኤል አበዳሪ አይደለም አትጨነቂ። መክብብ 5፥4 አትዘግይ የሚለው ለደረሰለት ሰው ነው። ሳትቆራኚ ለራስሽ ደስ ብሎሽ መስጠት ከፈለግሽ ግን ማን ይከለክልሻል፣ ጃንጥላው ቀርቶ አቅምሽ የፈቀደው ጧፍም ዕጣንም ይሆናል፣ ቁልቢ ድረስ መንገድ ካልቻልሽም ሰፈርሽ ያለችው ቤተክርስቲያን አለች። ለንስሐ አባትሽ አማክረሽ ወስኚ።

የንስሐ አባትሽን በተመለከተ፣ ዝም ብለሽ ጠፍተሽ ሌላ እንዳትይዢ። በ23 ወደ ጊዮርጊስ ስትመጪ አግኚያቸው፣ ራቅኩኝ አባቴ በይያቸው፣ እሳቸው ባርከው ሲያሰናብቱሽ አራብሳ ቅርብሽ ካለችው ቤተክርስቲያን አንድ አባት ያዢ። ሌሊት 10 ሰዓት ትራንስፖርት የለም፣ ልጅ ቢታመምብሽ ቀንዲል ይሁን ቁርባን ይሁን የሚደርስልሽ ካህን የቅርቡ ነው፣ ብትሞቺም እግዚአብሔር ያቆይሽ እንጂ ፍትሐቱም የቅርቡ ነው። ሰበካ ጉባኤ ተመዝገቢ፣ እድሩን ግቢ። ማኅበሩን ደግሞ አትተዉት፣ የተበተኑት ሁሉ በየወሩ መምጣት ካልቻሉ በ3 ወር አንዴ ጊዮርጊስ ግቢ ተገናኙ፣ ድፎው ከየትም ይመጣል። ያ ቤተክርስቲያን ራሱ በጣሊያን ጊዜ ተቃጥሎ የታደሰ ነው፣ የተበተነ ሰው ለመሰብሰብ አዲስ አይደለም።

ማሽኗን ግን ዛሬውኑ ከአልጋ ስር አውጫት፣ ዘይት ጠብ አርጊላት። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ስንት አባወራ አለ፣ ጥምቀት ሲመጣ ልብስ የማያሰፋ የለም፣ በር ላይ ወረቀት ለጥፊ። የኔም ነጠላ ጥለቱ ተተርትሯል፣ በሚመጣው 23 ከቅዳሴ በኋላ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ስንት እንደምታስከፍይኝ አስበሽ ነይ፣ በነፃ እንዳትይኝ።